የአባባ ደወል ካፖርት

ሰው ሲገናኝ "እንደምን አደርክ" ይባባላል፤ የእሷ ሰላምታ ግን "አምጡ" ነው። ከባንክ የሚወጣውን "አምጡ"፣ ፀጉሯን ተሠርታ የምትወጣዋን "አምጡ"፣ ቤት ቀይሮ ዕቃውን የሚጭነውን ደግሞ "ያ ሻንጣ ምን አለበት? ከምትሸከሙት አምጡ" ትላለች። ዓይኗን በጨው ታጥባ ነው የምትለምነው። ለራሷ ሲሆን ግን ከጎረቤት ጨው እንኳ ተበድራ አታውቅም። የሰፈሩ ሰው እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ከረሳው ቆይቷል፤ እትዬ አምጡ ብሏት ቀርቷል። እሷም ስሙን ወዳዋለች። "ስሜን በጠራችሁ ቁጥር እጃችሁ ወደ ኪሳችሁ ይሄዳል፤ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል?" ትላለች።

የምትለምነው ለማረፊያው ነው። ማረፊያው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አረንጓዴ የብረት በር ያለው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ረጅም ቤት ነው። ሐኪሞች "ከእንግዲህ እኛ የምንችለው የለም" ያሏቸው ሰዎች ወደዚያ ይመጣሉ። እዚያ የሚያድናቸው የለም፤ ሕመማቸውን የሚያስታግስላቸው፣ የሚያጥባቸው፣ እጃቸውን ይዞ የሚያጫውታቸው ግን አለ። በሽተኛው አይከፍልም፤ ቤተሰቡም አይጠየቅም። እንግዲህ ማስታገሻው በነፃ አይመጣ፣ የሌሊት ነርሷ ደመወዝ ከሰማይ አይወርድ፤ ደግነት ደግሞ ብቻውን አንሶላ አያጥብም። አንድ ሰው ወጥቶ መለመን ነበረበት፤ ያ ሰው እሷ ሆነች።

ሙያዋ ስፌት ነው። ከአረንጓዴው በር አጠገብ ድሮ መኪና ይቆምበት የነበረውን ክፍል ተረክባ የልባሽ ልብስ ሱቅ አድርጋዋለች። ከመስኮቱ ሥር የስፌት ማሽኗ፣ ከጎኑ የካውያ ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን ይዞ ልብስ የተሰቀለበት ረጅም ብረት፣ ከመደርደሪያው ላይ ደግሞ በየቀለማቸው የተለዩ ቁልፎች የሞሉባቸው ቆርቆሮዎች። ከየቤቱ ለምና ያመጣችውንም፣ ከማረፊያው ሟቾች የቀረውንም ልብስ እዚያ ትጠግናለች፣ ትተኩሳለች፣ ትሸጣለች። ከሽያጩ የሚገኘው ሁሉ ለማረፊያው ነው። እሷ የምትኖረው ማታ ማታ ቤቷ በምትሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ነው።

እዚህ ቤት ያደረሳት ባሏ ነው። አውቶቡስ ነጂ ነበር። ሕመሙ ሲጠናበት ትራሱን እየነከሰ ነበር የሚያድረው፤ ጎረቤት እንዳይሰማ። ወደ ማረፊያው ባመጡት በማግስቱ ስትገባ ግን ፊቱ ተፈቶ፣ ተላጭቶ፣ ሻይ ሲጠጣ አገኘችው። "አንቺ፣ እኔ እኮ ሞቼ ገነት የገባሁ መስሎኝ ነበር" አላት፤ "አንቺን ሳይሽ ነው አለመሞቴን ያወቅሁት።" ያን ቀን እየሳቀች አለቀሰች። እነዚያን የመጨረሻ ሳምንታት እንደ ጫጉላቸው ሲቀላለዱ ከረሙ። ያን ያህል ጊዜ በሰላም የሰጣትን ቤት ውለታ ከፍላ እንደማትጨርሰው ያወቀችው ያኔ ነው።

ሲሞት ነርሶቹ ልብሱን በፌስታል አድርገው ሰጧት። አልቻለችም፤ "ለቸገረው ስጡልኝ" ብላ ሄደች። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ አውቶቡስ ስትጠብቅ ባሏ ከፊቷ ቆሞ አየችው። እሱ አይደለም፤ ጃኬቱ ነው። ቡናማው ጃኬት፣ ክርኑ መሪ ላይ ሲያርፍ ኖሮ ያለቀው፣ የማታውቀው ሰው ጀርባ ላይ ሆኖ ቆሟል። ሰውዬው ሲሳፈር ተሳፈረች። አውቶቡሱ የእሷ መንገድ አልነበረም። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ከኋላው ቆማ ያንን ጀርባ ስታይ ሄደች። ሰውዬው ወርዶ አንድ ቅያስ ውስጥ ገባ፤ እሷ መሐል መንገድ ላይ ቀረች። ቤቷ ገብታ ሳምንት ተኛች።

ስትነሣ በቀጥታ የሄደችው ወደ ማረፊያው ነው። የነርሶቹን ኃላፊ አስጠርታ "ሲስተር፣ ከዚህ ቤት የሟች ልብስ እንዳለ አይውጣ። ለእኔ ስጪኝ" አለቻት። የእትዬ አምጡ ሥራም ሕግም ከዚያ ቀን ይጀምራል። ሕጉ አንድ ነው፤ ማንም ሰው ሟቹን መንገድ ላይ አያገኝም።

ለዚህ ሕግ ስትል የምትሠራውን ብታዩ ትገረማላችሁ። ኮቱን ተርትራ ትገለብጠዋለች፤ የውስጡ ወደ ውጭ ይመጣል። ኮሌታውን ትቀይራለች፤ ኪሱን ትደፍነዋለች ወይ ሌላ ታወጣለታለች። ሱሪው ቀሚስ ይሆናል፤ የአያት ቀሚስ የልጅ ሸሚዝ ይሆናል። ነጩን ቀለም ትነክረዋለች። ከማሽኗ የወጣውን ልብስ የወለደችው እናት አታውቀውም እስኪባል። አንዴ እንዲያውም አንድ ሰውዬ የወንድሙን ልብስ ሰጥቶ፣ እያለቀሰ ሄዶ፣ ከወር በኋላ ተመልሶ መጣና ከተሰቀሉት መሐል አንዱን ኮት "ይሄ ልኬ ነው" ብሎ ገዝቶ ሄደ። ወንድሙን ለብሶት ነው የሄደው። እትዬ አምጡ ትንፍሽ አላለችም፤ ቤቷ ስትገባ ግን ሙያዋን አድንቃ ብቻዋን ሳቀች።

የተረፈ ቁራጭም አይጣልም። ከወፍራሙ ጨርቅ ትንንሽ ትራሶች ትሰፋና ለማረፊያው ትሰጣለች። ተኝቶ የሚውል ሰው ተረከዙ ይቆስላል፤ ነርሶቹ እነዚያን ትራሶች ከበሽተኞቹ ተረከዝ ሥር ያደርጓቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ባለ ሁኔታ ሲሄድ ኖሮ ነው አባባ ደወል የመጡት። ዕድሜያቸውን በሙሉ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ፤ በር ይጠብቃሉ፣ ደወል ይደውላሉ። የከተማው ግማሽ ልጅ ሆኖ ከእሳቸው ደወል ያመለጠ የለም፤ ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው። ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ሩቅ አገር ከሄደች ብዙ ዓመቷ ነው። ማረፊያው ሲገቡ ከሰውነታቸው የሚከብድ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ረጅም ካፖርት ይዘው ገቡ። ልጃቸው በመጀመሪያ ደመወዟ የገዛችላቸው ነው።

መጀመሪያ አልጋቸው መስኮት ሥር ነበር። ከበሩ አጠገብ የነበረው በሽተኛ ሲሞት ሲስተርን አስጠሩና "ወደዚያ ውሰዱኝ" አሉ። "እዚያ ሆኜ የግቢውን በር አያለሁ። በር ሳይ ካልዋልኩ ሥራ የፈታሁ ይመስለኛል።" ወሰዷቸው። ዕቃቸውም ከበሩ አጠገብ ወዳለው ቁምሳጥን ተዛወረ።

የሟቹን ዕቃ ግን ቤተሰቡ ቀድሞ ጠቅልሎ ወስዶት ነበር። ይህንንም ሆነ የአባባ ደወልን መዛወር ለእትዬ አምጡ የነገራት አልነበረም። እሷ የምታውቀው ሰውየው የሞተ ዕለት ሲስተር "ከበሩ አጠገብ ያለው ቁምሳጥን ይጸዳል" ያለቻትን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? በዚያ ሳምንት የማስታገሻው መድኃኒት ሊያልቅ ተቃርቦ፣ እሷ ደግሞ እግሯ እስኪነቃ ለምና፣ የምትሸጠው ጥሩ ዕቃ አጥታ ነበር። አባባ ደወል ገላቸውን ሊታጠቡ በተወሰዱበት ሰዓት ገባች፤ ቁምሳጥኑን ከፈተች፤ ያንን የመሰለ ካፖርት አየች። "ይሄስ መድኃኒቱን ብቻውን ይገዛል" አለች። ማንንም ሳትጠይቅ አቅፋው ወጣች።

ሥራዋንም ሠራችው። ከታች በኩል ቆርጣ አሳጠረችው፤ ወገቡን አጥብባ የሴት ጃኬት አደረገችው። ኮሌታውን ገለበጠች፤ ኪሱን ደፈነች። ትልልቆቹን ጥቁር ቁልፎች አውጥታ ቢጫ ቁልፍ ተከለችበት። የላይኛው ቁልፍ በነጭ ክር፣ ያውም እንደ ነገሩ ተሰፍቶ ስታይ "ይሄን የሰፋ ሰው መርፌ የያዘው በቡጢ ነው" ብላ ስቃበት ነበር። ከታች የተቆረጠው ሁለት የተረከዝ ትራስ ወጣው። ጃኬቱ በተሰቀለ በማግስቱ ተሸጠ፤ መድኃኒቱም ተገዛ።

አባባ ደወል በሙቀት ወራት ካፖርት አልፈለጉም። አየሩ እየቀዘቀዘ ሲመጣ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለላቸው። ልጃቸው ፈቃድ አግኝታለች፤ በሚቀጥለው እሑድ ትደርሳለች። ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት ሆኖ ነበር። "ሲስተር፣ ካፖርቴን አውጪልኝ፤ ንፋስ ይምታው" አሉ።

ሲስተር ቁምሳጥኑን ከፈተች። ባዶ ነው። ቆም ብላ አሰበችና ወደ ሱቁ መጣች። እትዬ አምጡ ከማሽኗ ላይ አቀርቅራ ነበር።

"እትዬ፣ ከአባባ ደወል ቁምሳጥን የወሰዱት ነገር አለ?"

"እኔ? ከቁም ሰው ምን እወስዳለሁ? እኔ የወሰድኩት ያ በሩ አጠገብ የነበረው..." አለችና አፏ ላይ ቀረ። ክው አለች።

ሲስተር በሩን ገፋ አደረገችው። "ወሬው እንዳይወጣ። 'ሳይሞቱ ልብሳቸውን ይሸጣሉ' ከተባልን ማን ይሰጠናል? ከእንግዲህስ ማን እናቱን አምኖ እዚህ ያመጣል? እኔ እንደሚመስለኝ ከገበያ የሚመሳሰል እንግዛና እንስቀልላቸው። ዓይናቸውም ደክሟል።"

"ጣታቸውስ?"

ሲስተር ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ በጣቷ ዳሰስ አደረገች።

"እኔ እኮ ሰውዬውን በቁማቸው ነው የቀበርኳቸው" አለች እትዬ አምጡ። "አሁን ደግሞ ላታልላቸው?" ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ጣለችና ተነሣች።

አባባ ደወል ወደ ግቢው በር እያዩ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ቆመች።

"አባባ፣ ካፖርትዎን ሸጬዋለሁ። ባለቤቱ ሞቷል ብዬ ነው።"

ዘወር ብለው አዩዋት። በኋላ፣ "ለመሆኑ ጥሩ ዋጋ አወጣ?" አሉ።

"ጥሩ አውጥቷል። የመላው ክፍል መድኃኒት ተገዝቶበታል።"

"እንዲያ ከሆነ ደግ። እኔም እኮ ሌሊት ሌሊት ምን እንዲህ አሻለኝ እል ነበር፤ ለካ ካፖርቴን ነው የዋጥኩት።" ሳቁ። ሳቃቸው ግን መንገድ ላይ ቀረ። "የኔ ልጅ፣ ያ ጨርቅ ሆኖ አይደለም። ልጄ የሄደች ዕለት ጠዋት የላይኛው ቁልፍ ሊወድቅ ሲል እያለቀሰች ሰፋችልኝ። ከዚያ 'አባዬ፣ ስመጣ ይህን ለብሰህ በር ላይ ጠብቀኝ' አለችኝ። እሺ አልኳት። እንግዲህ ሰው በሕይወቱ በር መጠበቅ ብቻ ነው የማውቀው ሲል፣ ልጁን ሳይጠብቅ ቢቀር..." አልጨረሱትም።

"እስከ እሑድ አመጣዋለሁ" አለች።

"ሰውን ሁሉ አምጡ እያልሽ ኖረሽ፣ ዛሬ ተራው የአንቺ ሆነ?"

"የእኔ ሆነ፣ አባባ።"

በማግስቱ ሱቁን ዘግታ ወጣች። እዚህ ላይ ነው ሙያዋ ጠላት የሆነባት። ጥቁር ሰማያዊ ረጅም ካፖርት የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም፤ ራሷ አጥፍታዋለች። የምትፈልገው ራሷ የሸሸገችውን ነው። ስለ ገዢዋ የምታስታውሰው ወጣት መሆኗንና አንድ ነገር ማለቷን ብቻ ነው፤ "ቆሜ ነው የምውለው፣ የጠዋቱ ብርድ ገደለኝ።" ታዲያ በዚህ ከተማ ቆሞ የማይውል ማን አለ? ጠራጊዎቹን ሄዳ አየች። የሱቅ ዘበኞቹን አየች። ሰልፍ ያለበት ሁሉ ከኋላ እየሄደች የሰው ጀርባ ትመረምራለች። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም "ምን ታዪኛለሽ? ሌባ ነሽ እንዴ?" ብላ ጮኸችባት። "ሌባስ ሆኛለሁ፣ እህቴ" አለችና አለፈች።

ቅዳሜ ሲቃረብ እግሯ አብጦ፣ ተስፋዋ ተሟጦ፣ ከገበያ አዳራሹ ጀርባ መኪና ከሚቆምበት ሜዳ ደረሰች። እዚያ አንዲት ወጣት የመኪና ማቆሚያ ትኬት እየቆረጠች ለሾፌሮች ትሰጣለች። ቢጫ ቁልፍ። እትዬ አምጡ የራሷን ስፌት ከሩቅ ታውቀዋለች።

"ልጄ፣ ታስታውሺኛለሽ?"

"እትዬ! እንዴት እረሳዎታለሁ?" ወጣቷ ደስ ብሏት ዞረች፤ ልብሱን ለማሳየት አንዴ ተሽከረከረችላት። "ይህን ከለበስኩ ወዲህ እኮ ሾፌሮቹ 'አንቺ' ማለት ትተዋል። በልኬ የተሰፋ ልብስ ለብሼ አላውቅም ነበር። እናቴ ራሷ ከኋላ አይታኝ 'ያቺ እመቤት ማን ናት' አለች።"

እትዬ አምጡ አምጪ ልትል ነበር የመጣችው። ከባለጠጋ ደጅ ሳትሸማቀቅ የቆመች ሴት፣ ይህችን ልጅ መጠየቅ አቃታት። ዝም ብላ የሆነውን ነገረቻት። ስለ ቁምሳጥኑ፣ ስለ አባባ ደወል፣ ስለ እሑድ።

ወጣቷ ሰምታ ስትጨርስ ቢጫዎቹን ቁልፎች ዳበሰች። ሰልፍ የያዙ መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ፤ ቀና ብላም አላየቻቸውም።

"አሁንም በሕይወት አሉ?"

"አሉ። በር በር እያዩ።"

ወጣቷ ንፋሱ እየመታት ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታችና ጃኬቱን ዘረጋችላት። እትዬ አምጡ ሹራቧን አውልቃ አለበሰቻት። ገንዘቡን ልትመልስላት ብትል ወጣቷ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። "ለመድኃኒቱ ይሁን። ጥሩ ልብስ ሲመጣ ግን ለኔ ያስቀምጡልኝ" አለች።

ማፍረስ ቀላል ነው፤ የፈረሰውን እንደነበር መመለስ ግን እንዲህ ያለ አበሳ መሆኑን እትዬ አምጡ በዚያ ቅዳሜ አወቀች። ወገቡን ለቀቀች፤ ኮሌታውን መለሰች፤ የተደፈነውን ኪስ ከፈተች። ጥቁሮቹ ቁልፎች ከቆርቆሮው ወጥተው፣ ከላይኛው በቀር፣ በየቦታቸው ተመለሱ። የታችኛው ቁራጭ ግን ትራስ ሆኖ ማረፊያው ውስጥ ነው። ገብታ ከአልጋ አልጋ እየዞረች የበሽተኛውን ሁሉ ብርድ ልብስ ከእግር በኩል ትገልጥ ጀመር። አንዷ አሮጊት "ምን ጠፋብሽ?" አሏት።

"ካፖርት፣ እማማ።"

"ከእግሬ ሥር?"

በእርግጥም አንዱ ትራስ ከእሳቸው ተረከዝ ሥር ተገኘ። "ውሰጂው፤ እኔ ደግሞ የት ልሄድበት" አሉ አሮጊቷ፤ ሌላ ትራስ ግን ሳታደርግላቸው አልሄደችም። ሁለተኛውን ፍለጋ ክፍሎቹን ሁሉ ጨረሰች። በመጨረሻ የቀሩት አባባ ደወል ብቻ ነበሩ። ብርድ ልብሳቸውን ገለጠች። ጥቁር ሰማያዊው ትራስ ከቀኝ ተረከዛቸው ሥር ተኝቷል። ሰውዬው ካፖርታቸውን ለወራት ረግጠውት ኖረዋል። እትዬ አምጡ እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እስክትደክም ሳቀች። እሳቸውም ሲገባቸው "ለካ ለዚህ ነው! ምን እንዲህ አሞቀኝ እል ነበር።" አሉ።

ቁራጩን መልሳ ሰፋችው። ዳሌው ላይ ዙሪያውን ስፌቱ ይታያል፤ ያን የሚሰውር መርፌ የለም። የቀረው የላይኛው ቁልፍ ነው። ነጭ ክር አወጣችና ሰፋችው። ቆንጆ ሆኖ ተሰፋ። ፈታችው። እንደገና ሞከረች፤ እጇ እምቢ አላት፤ አርባ ዓመት ሙሉ ቀጥ ብሎ መስፋት የለመደ እጅ ጠማማ ስፌት ከየት ያምጣ? ወዲያ ወዲህ አለች፤ ተበሳጨች፤ በመጨረሻ መርፌውን በግራ እጇ ያዘችው። ጣቷን ወጋች፤ ክሩ ተቋጠረ፤ ቁልፉ ተንጋደደ። ቀና አድርጋ አየችው። እያለቀሰች የምትሰፋ ልጅ ሥራ ይመስል ነበር። በሕይወቷ እንደዚያ የኮራችበት ስፌት የለም።

እሑድ ጠዋት አባባ ደወልን አለበሷቸው፤ በተሽከርካሪ ወንበር አድርገው የግቢው በር ላይ አስቀመጧቸው። ጉልበታቸውን በብርድ ልብስ ሸፈኑላቸው። ካፖርቱ ሰፍቷቸዋል፤ አንገታቸው ውስጡ ጠፍቷል፤ ዓይናቸው ግን የዘበኛ ዓይን ነበር። እትዬ አምጡ ከሱቋ በር ላይ ሆና ታያለች።

ታክሲ ቆመ። ልጅቱ ወረደች፤ በሩ ላይ ያሉትን አየች፤ ሻንጣዋን መሐል መንገድ ጥላ ሮጠች። ተንበርክካ አቀፈቻቸው። ለረጅም ጊዜ ፊቷን ከደረታቸው አላነሣችም። ስታነሣ ጣቷ የላይኛው ቁልፍ ላይ አረፈ፤ ክሩን ዳበሰችው።

"አባዬ፣ ይህን ማነው የሰፋው?"

"አንቺ ነሻ።"

"ውሸትህን ነው። የኔ ከዚህም የባሰ ነበር።"

አባባ ደወል ያኔ ከት ብለው ሳቁ። "ሸጠውኝ ነበር እኮ! ሞቷል ብለው ሸጠውኝ! ያቺን ታያለሽ? እሷ ናት የሸጠችኝ፤ ራሷ መጥታ ነገረችኝ፤ ራሷ ደግሞ አመጣችኝ።" እትዬ አምጡ የምትገባበት ጠፋት። ልጅቱ ግን ተነሥታ መጥታ የተወጋውን ጣቷን አይታ፣ ይዛ ሳመችው።

አባባ ደወል ቀልዱን አልተዉትም። ለጠያቂ ሁሉ፣ ለሐኪም፣ ለተላላኪ፣ "ሳልሞት የተሸጥኩት ሰውዬ እኔ ነኝ" እያሉ ይተርካሉ። ሲስተር የፈራችው ወሬ በባለቤቱ አፍ ከተማውን አዳረሰው። ሰዉም የሳቀውን ያህል ስቆ፣ "ጥፋቷን በራሷ አፍ የምትናገር ሴት ካለች እዚያ ነው መስጠት" ብሎ ልብስ በየፌስታሉ ያመጣ ጀመር። ሱቁ መቆሚያ አጣ። እትዬ አምጡም "እንዲህ ከሆነ አንድ ሁለት ሰው ደግሞ ልሽጥ" አለች።

ከመሞት መሰንበት ይባላል፤ አባባ ደወልም ከልጃቸው ጋር ሰነበቱ። ከዚያ አንድ ቀን፣ እጃቸው በልጃቸው እጅ ውስጥ እንዳለ፣ ሳይሰቃዩ ሄዱ።

ልጅቱ ከቀብሩ በኋላ ካፖርቱን አጣጥፋ ይዛ ወደ ሱቁ መጣች። እትዬ አምጡ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ከዚያም እንደ ልማዷ ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና መቀሷን አነሣች።

"አይዞሽ፣ ልጄ። ማንም የማያውቀው አድርጌ ነው የምለውጠው። መንገድ ላይ አታገኚውም።"

"አይ፣ እትዬ፣ እንዳይነኩት" አለች ልጅቱ፤ እጇን ጨርቁ ላይ አሳረፈች። "መንገድ ላይ ላገኘው ነው የምፈልገው።"

እትዬ አምጡ መቀሱን እንደያዘች ቀረች። ያ አውቶቡስ ትዝ አላት። ስለ ሕመሟ ስታስብ ኖራለች፤ ተኝታ ስለከረመችበት ሳምንት። አሁን ግን ከኋላው ቆማ የሄደችበት መንገድ ፊቷ ላይ መጣ፤ የለመደችው ትከሻ፣ ያለቀው ክርን፣ አውቶቡሱ ሲነቃነቅ ጃኬቱ እጇን ነካ ሲያደርጋት። ከአውቶቡሱ ያልወረደችው ስላመማት አልነበረም። ደስ ብሏት ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የሰውን ልብስ ስትገለብጥ የኖረችው፣ ያ ደስታ ሲያልቅ የተሰማትን ሌላ ሰው እንዳይሰማው ብላ ነው። ደስታውንም አብራ ስትቆርጥ እንደኖረች ግን አላወቀችም ነበር። መቀሱን አስቀመጠችው።

ካፖርቱ እንዳለ፣ ከነስፌቱና ከነጠማማው ቁልፉ፣ ለመኪና ማቆሚያዋ ወጣት ደረሳት። ጉልበቷ ድረስ ይደርሳል፤ እጅጌውን ጠቅለል አድርጋ ትለብሰዋለች። የአባባ ደወል ልጅ ወደ ሩቅ አገሯ እስክትመለስ በየጠዋቱ በዚያ ሜዳ በኩል አለፈች። አንዳንዴ ሰላም ትላታለች፤ አንዳንዴ ከመንገዱ ማዶ ቆማ አይታ ብቻ ትሄዳለች።

እትዬ አምጡ ዛሬም "አምጡ" ማለቷን አልተወችም። የሟች ልብስ ይዞ ለሚመጣ ግን አንድ ጥያቄ ጨምራለች፤ "ልለውጠው ወይስ እንዳለ ልተወው?" ከሰው ሰው ይለያል፤ አንዱ ለውጪው ይላል፣ አንዱ ተይው። እሷ የተባለችውን ትሠራለች። ሥራዋን ጨርሳ ወደ ቤቷ ስትሄድ ደግሞ አቋራጩን ትታ በአውቶቡስ ፌርማታው በኩል ትዞራለች፤ አግዳሚው ላይ ጥቂት ተቀምጣ የተሳፋሪውን ጀርባ ታያለች። ቡናማው ጃኬት እስካሁን አልመጣም።